ስድስት ጊዜ ጎንበስ ብያለሁ

እንደምን አመሻችሁ?

አልሰማሁም። እንደምን አመሻችሁ?

እንዲህ ነው እንጂ! ፑል ቤት ያደገ ሰው ሰላምታ ሲመልስ ድምፁን አይቆጥብም። ድምፅ የሚቀነሰው ሰው ሊመታ ሲያጎነብስ ብቻ ነው።

የተከበራችሁ ታላላቆቼ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ወንበር ጠፍቶ ግድግዳ የተደገፋችሁ ልጆቼ፣ ስለጠራችሁኝ አመሰግናለሁ። ግድግዳ መደገፉ ቅር አይበላችሁ። እኔም የጀመርኩት ግድግዳ ተደግፌ ነው።

አዘጋጆቹ ሲደውሉልኝ «ስለ ድሮ ፑል ቤቶችና ስለ ተጫዋቾቻቸው ሃያ ደቂቃ ይናገሩልን» አሉኝ። ሃያ ደቂቃ! እዚህ ከተቀመጡት መካከል አንዲት ኳስ ለመምታት ሃያ ደቂቃ ይፈጅ የነበረ ሰው አይቻለሁ። ስሙን አልጠራም፤ እሱ ራሱን ያውቃል፤ ጎረቤቶቹም እየሳቁ ነው።

ንግግሬን በሦስት ከፍዬዋለሁ። አንደኛ ስለ ቤቱ፣ ሁለተኛ ስለ ሰዎቹ፣ ሦስተኛ ስለ አንድ ምሽት። እውነቱን ልንገራችሁ፤ እዚህ ድረስ ያመጣኝ ሦስተኛው ነው። ሌሎቹ ሁለቱ ወደዚያ መሄጃ መንገድ ናቸው። በመሃል ከጠፋሁ «ጋሼ፣ ተራዎ አልፏል» በሉኝ።

ከቤቱ ልጀምር።

የፑል ቤት በር ገፍታችሁ ስትገቡ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ ምንድን ነው? ብርሃኑ ነው? አይደለም። ድምፁ ነው። ኳስ ከኳስ ሲላተም፣ ኳስ ቀዳዳ ውስጥ ሲወድቅ፣ ስቲክ የምንለው የመምቻ ዘንግ ጭራው ወለሉን ሲመታ። ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ጆሮአችሁ ማን እየተጫወተ እንደሆነ ያውቃል። መብራቱ ከጠረጴዛው በላይ ዝቅ ብሎ ስለሚንጠለጠል የተጫዋቹ ፊት ጨለማ ውስጥ ይቀርና እጁ ብቻ ይታያል። ዛሬም መንገድ ላይ የድሮ ሰው ሳገኝ ፊቱ ግር ይለኛል፤ እጁን ሲዘረጋልኝ ግን ወዲያው አውቀዋለሁ።

ወጣቶቹ ይህን ልብ በሉልኝ፤ «ፑል» የሚለው ቃል መጀመሪያ ከኳስም ከጠረጴዛም ጋር አልነበረም። ተወራራጆች በጋራ የሚያዋጡት የውርርድ ገንዘብ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ውስጥ «የፑል ክፍል» ሲባል በፈረስ እሽቅድምድም የሚወራረዱበት ቤት ማለት ነበር። ከአንዱ ውድድር እስከሚቀጥለው ሰው እንዳይሰለች ባለቤቶቹ የቢሊያርድ ጠረጴዛ አስገቡ። ፈረሱ ሄደ፣ ጠረጴዛው ቀረ፣ ስሙም እዚያው ጠረጴዛው ላይ ተለጠፈ። አባቶቻችን «ፑል ቤት ቁማር ቤት ነው» እያሉ ሲቆጡን ሳያውቁት የታሪክ ሊቃውንት ነበሩ ማለት ነው።

ጠረጴዛውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ አረንጓዴው ጨርቅ ከሥሩ ድንጋይ አለበት። ትልቁ የፑል ጠረጴዛ የመጫወቻ ሜዳው 2.54 ሜትር በ1.27 ሜትር ነው። ስለ ኳሱ ግን አንድ ነገር ካልነገርኳችሁ አያስችለኝም። ድሮ የቢሊያርድ ኳስ የሚሠራው ከዝሆን ጥርስ ነበር። ከአንድ ጥርስ የሚወጣው ጥቂት ኳስ ነው፤ ዝሆኑም እየተመናመነ፣ ጥርሱም እየተወደደ ሄደ። በ1860ዎቹ፣ የምጠራላችሁ ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ኒውዮርክ ያለ አንድ የቢሊያርድ ድርጅት የዝሆን ጥርስን ለሚተካ ሰው 10,000 ዶላር ሽልማት አዘጋጀ። ጆን ዌስሊ ሃያት የሚባል የማተሚያ ቤት ሠራተኛ በዚህ ተነሳስቶ ሲሞክር ሴሉሎይድ ላይ ደረሰ። ዛሬ በየቤታችን ለሞላው ፕላስቲክ አንዱ መነሻ የኛ ኳስ ነው!

የሃያት የመጀመሪያ ኳሶች ታዲያ አንድ ጉድ ነበረባቸው። የተቀቡት ቀለም እሳት ወዳድ ስለነበር ኳሶቹ ጠንክረው ሲጋጩ አንዳንዴ እንደ ጥይት ካፕሱል ጧ ይሉ ነበር። ሃያት ራሱ ሲተርክ፣ ኮሎራዶ ያለ የአንድ መጠጥ ቤት ባለቤት «ጩኸቱን እኔስ ግድ የለኝም፤ ኳሱ በጮኸ ቁጥር ግን ቤቱ ውስጥ ያለው ወንድ ሁሉ ሽጉጡን ይመዛል» ብሎ ጽፎለታል። እኛ ቤት ሽጉጥ አልነበረም፤ ጩኸት ግን ሞልቶ ነበር።

ቾኩንም አትናቁት። የስቲኩን ጫፍ ቆዳ ያለበሰው ፍራንሷ ሚንጎ የሚባል ፈረንሳዊ የጦር መኮንን ነው፤ ታስሮ ሳለ ከቢሊያርድ ጋር ከዋለ በኋላ ነው ይህ የመጣለት ይባላል። ቆዳው ሲመጣ ኳስን ጎኗን ወይም ሥሯን መትቶ ማሽከርከር ተቻለ። ቾኩ ደግሞ ያ ቆዳ እንዳያዳልጥ ነው። ሰማያዊዋን ኩብ ዊልያም ስፒንክስ የሚባል ተጫዋች ከአንድ ኬሚስት ጋር ሠርቶ በ1897 የፈጠራ መብት አወጣባት። እንደ ልጆች ጠመኔ አትምሰላችሁ፤ የተፈጨ ሸካራ ማዕድን ናት። እናቶቻችን ሱሪያችን ላይ ሰማያዊ አቧራ ሲያዩ የት እንደዋልን መጠየቅ አያስፈልጋቸውም ነበር።

እሺ። ድንጋይ፣ ጨርቅ፣ ኳስ፣ ቾክ። ይህ ሁሉ አንድ ላይ ቢሆን ፑል ቤት ይሆናል? አይሆንም! ጠረጴዛ ዛሬም አለ፤ ጨዋታውም አልሞተም። ያጣነው ጠረጴዛውን አይደለም። ያጣነው አግዳሚውን ነው።

አግዳሚውን ታስታውሳላችሁ? ግድግዳውን ይዞ ዳር እስከ ዳር የተዘረጋውን፣ ወደ መሃል ሰርጎድ ያለውን የእንጨት ወንበር? እሱ ነው ቤቱ። እሱ ላይ ተራ ይጠበቃል። ያሸነፈ ይቆያል፣ የተሸነፈ ይወጣል፣ ተራ የያዘ ይገባል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሰው፣ አግዳሚው ላይ አሥራ ሁለት። አሥራ ሁለቱ ምን ይሠራሉ? ያያሉ! ከልጅነቴ እስከ ጎልማሳነቴ የተማርኩት ትምህርት ቢቆጠር እኩሌታው ሰው ሲጫወት እያየሁ የተማርኩት ነው።

ማየትም ይማሩታል። አንድ ቀን፣ ገና በቤቱ ኳሶችን በሦስት ማዕዘን ማቀፊያ ለጨዋታ የምደረድር ልጅ ሳልሆን፣ ግድግዳ ተደግፌ አንድ ቆንጆ ምት አየሁና አጨበጨብኩ። አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ እጄን ያዙኝና «ምን አየህ?» አሉኝ። «ኳሷ ገባች» አልኳቸው። «የገባችውን ተዋት፤ እሷ ሄዳለች። ነጯ የት ቆመች?» አላየሁም ነበር። በስቲክ የምትመታዋን፣ ሌሎቹን ኳሶች የምትገፋዋን ነጯን አላየሁም! ከዚያ ቀን ጀምሮ የምትገባውን ትቼ ነጯን መከተል ጀመርኩ። ለካ ጨዋታው ሌላ ነው። ነጯ ሳትሽከረከር እየተንሸራተተች ኳስን ፊት ለፊት ከመታች ባለችበት ቀጥ ትላለች፤ በጎን ከመታቻት ደግሞ ኳሷ ከሄደችበት መስመር በቀጥታ ማዕዘን፣ ማለትም በ90 ዲግሪ ትወጣለች። ይህን የሚያውቅ ሰው አሁን እየመታ ቀጥሎ የሚቆምበትን ያዘጋጃል። የማያውቅ ኳስ ያስገባና «እግዜር ያውቃል» ይላል።

ታዲያ አግዳሚው ለምን ጠፋ? ብዙ ምክንያት ይነገራል፤ ቴሌቪዥኑ፣ ስልኩ፣ ልጆቹ። እኔ ኳስ ደርዳሪ ብቻ ሳልሆን ሒሳብ ያዥም ስለነበርኩ የሒሳቡን ልንገራችሁ። አንድ ስቲክ 147 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በአራቱም ማዕዘን ሰው ስቲኩን ወደ ኋላ ስቦ እንዲመታ ለአንድ ትልቅ ጠረጴዛ 5.5 ሜትር በ4.2 ሜትር ቦታ ያስፈልጋል። ያ ሁሉ ወለል፣ የሚከፍሉት ሁለት ሰዎች! አግዳሚው ደግሞ ከዚያ ላይ ቦታ ይወስዳል፤ አሥራ ሁለቱም አይከፍሉም። ኪራይ ሲጨምር የቤቱ ባለቤት መጀመሪያ የሚያነሳው ምንድን ነው? አግዳሚውን። በእሱ ቦታ አንድ ጠረጴዛ ይጨምራል። ከዚያ ሰው ለአንድ ሰዓት ይከራያል፣ ይጫወታል፣ ይሄዳል። የሚያየው የለም። አግዳሚው በተነሳ በሁለተኛው ዓመት ቤታችንም ተዘጋ። በሌላው ዓለምም ፑል ቤቶች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ተራቁተው ነበር፤ በ1961 እና በ1986 ሁለት ፊልሞች ወጡና ሰውን መለሱት ይባላል። መለሱት፤ ግን ሰው ሊጫወት መጣ እንጂ ሊቀመጥ አልመጣም።

ይኸው አንደኛው ነጥብ ከሃያው ደቂቃ አሥራ ሁለቱን በላ። ይሁን።

ሁለተኛ፣ ስለ ሰዎቹ።

ስም አልጠራም። የሞቱትም ያሉትም ቤተሰብ አላቸው፤ ደግሞ አንዳንዱ ፑል ቤት መዋሉን ለቤቱ ዛሬም አልተናገረም!

አንድ ሰው ነበሩን፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየቀኑ መጡ፣ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፣ አንድ ቀን እንኳ ስቲክ አልነኩም። ክርክር ሲነሳ ግን «ነክቷል»፣ «አልነካም»፣ «መጀመሪያ የነካው ጥቁሩን ነው» ሲባል ሁሉም ዞሮ የሚያየው እሳቸውን ነው። አንገታቸውን ከነቀነቁ አለቀ። ዳኛ ማን አደረጋቸው? ማንም። ገንዘብ አለማስያዛቸውና ዓይናቸውን አለመንቀላቸው ዳኛ አደረጋቸው።

አጥማጁም ነበር። አጥማጅ የምንለው ችሎታውን ደብቆ የሚጫወተውን ነው። ሦስት ጊዜ ይሸነፋል፣ ስቲኩን ይረግማል፣ መብራቱን ይወቅሳል፤ ውርርዱ ሲያድግ መብራቱ ድንገት ይስተካከልለታል! አጥማጅ ከሁሉ የሚፈራው ምን መሰላችሁ? ዝናን። ፊቱ ከታወቀ አለቀለት። የፊሊፒንሱ ኤፍረን ሬየስ እንኳ በ1985 አሜሪካ ሲሄድ ስሙ ቀድሞት ደርሶ ስለነበር ሂዩስተን ከተማ ላይ ሴሳር ሞራሌስ በሚል ስም ተመዘገበ። ስሙን የሰማ ብዙ ነበር፤ ፊቱን የሚያውቅ ግን አልነበረም። አሸነፈ። በኋላ በገዛ ስሙ በ1999 ዘጠኝ ኳስ በሚባለው የፑል ጨዋታ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ «አስማተኛው» ይሉታል። ልጅ ሳለ ያደገው አጎቱ ፑል ቤት ውስጥ ነው፤ ቁመቱ ስለማይደርስ የለስላሳ ሳጥን ላይ ቆሞ ይጫወት፣ ሌሊት ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ይተኛ ነበር። እኔም ሳጥን ላይ ቆሜአለሁ። ሳጥኑ እኩል ነው፤ ልዩነቱ ከሳጥኑ በላይ ነው!

ስለ አጥማጁ ስትስቁ አንድ ነገር አትርሱብኝ። የተጠመደውም ሰው ነበረ። የወር ደመወዙን አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጥሎ ሲወጣ ያየሁት ሰው አለ፤ እኔ ነበርኩ በሩን የከፈትኩለት። በር ላይ ቆሞ ወደ ቀኝ ልሂድ ወደ ግራ ሲል ብዙ ቆየ። ፑል ቤትን ስናስታውስ የምናስውበው ነገር አለ፤ እኔ በዚህ በኩል አላስውብም። አባቶቻችን የተቆጡት በከንቱ አልነበረም።

አሁን ደግሞ ተራ ስላልተሰጣቸው ሰዎች።

የቤታችን ባለቤት ሴት ልጅ ነበረችው፤ የእኔ እኩያ። ከሰዓት በኋላ በሩ አጠገብ ባለችው ትንሽ ጠረጴዛ ተቀምጣ የእያንዳንዱን ጨዋታ ሰዓት ትመዘግባለች። መግባትና መውጣት፣ መግባትና መውጣት። ተራ መያዣው ሰሌዳ ላይ ግን ስሟ አንድ ቀን ተጽፎ አያውቅም። ጠዋት፣ ቤቱ ሳይከፈት፣ እኔ ወለል እየጠረግሁ እሷ ብቻዋን ትጫወት ነበር። ልንገራችሁ? በዚያ ቤት ነጯን እንደ እሷ የምታቆም ሰው አላየሁም። «ለምን ከሰዓት አትጫወቺም?» አልኳት አንድ ቀን። «ማን ተራ ይሰጠኛል?» አለችኝ። ዝም አልኩ። ሰሌዳው ላይ የምጽፈው እኔ ነበርኩ እኮ! ጠመኔው በእጄ ነበር። ዝም አልኩ።

ብዙ ቆይቶ ስለ ጃፓናዊቷ ማሳኮ ካትሱራ ሳነብ ያ ጠዋት ትዝ አለኝ። እሷም እኅቷን ያገባው ሰው ቢሊያርድ ቤት ውስጥ ነው የተማረችው፤ በ1952 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ለዓለም የቢሊያርድ ሻምፒዮና በመወዳደር የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። የብሩክሊኑን ሲሴሮ መርፊንም አስቡ። ጥቁር በመሆኑ ዓመታት ሙሉ ከትልልቆቹ ውድድሮች ውጭ ቀረ። በ1965 ካሊፎርኒያ ውስጥ በርባንክ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጋበዘ፤ በመጀመሪያው ጊዜ ዋንጫውን ወሰደ! የሚያሳዝነኝ ዋንጫው አይደለም። ከ1965 በፊት የነበሩት ዓመታት ናቸው። አግዳሚ ላይ ተቀምጠህ ተራህ ሲዘለል፣ ሲዘለል፣ ሲዘለል።

ሦስተኛ። ሰዓቴ እንዳለቀ አውቃለሁ፤ አዘጋጁ ሰዓቱን እያሳየኝ ነው። ወንድሜ፣ ተቀመጥ፤ ሰባት ኳስ ነው የቀረኝ።

ዛሬ ወጣቶቹ የምትጫወቱት ስምንት ኳስና ዘጠኝ ኳስ ነው። በእኛ ቤት ግን ቁንጮው ተከታታዩ ነበር። አጨዋወቱ ቀላል ነው፤ የፈለግኸውን ኳስ፣ የፈለግኸው ቀዳዳ፣ አስቀድመህ ተናግረህ ታስገባለህ። አንድ ኳስ አንድ ነጥብ። ከአሥራ አምስቱ አሥራ አራቱ ሲገቡ አንዷ ትቀራለች፤ አሥራ አራቱ እንደገና ይደረደራሉ፤ በቀረችው ኳስ አድርጎ ድርድሩን ይበትንና ይቀጥላል። እስኪስት ድረስ። የሚቆመው ሲስት ብቻ ነው።

የዚህ ጨዋታ ትልቁ ስም ዊሊ ሞስኮኒ ነው። አባቱ ፑል ቤት ነበረው፤ ልጁ እንዳይጫወት ግን ኳሱን ይደብቅበት ነበር። ልጁ ምን አደረገ? ድብልብል ድንቾች ሰብስቦ በመጥረጊያ እንጨት መታቸው! በ1941 እና በ1957 መካከል 15 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ማርች 19 ቀን 1954 ኦሃዮ ውስጥ ስፕሪንግፊልድ በምትባል ከተማ ለታዳሚ ሊያሳይ ተጋብዞ ሳይስት በተከታታይ 526 ኳስ አስገባ። አምስት መቶ ሃያ ስድስት!

ይህን ቁጥር በምን አወቅነው? ካሜራ ነበረ? አልነበረም። አግዳሚው ነው ያሳወቀን። ያዩት ሰዎች ወረቀት አውጥተው «በዓይናችን አይተናል» ብለው ጻፉ፤ ከ35 በላይ ሰዎች ፈረሙ፤ ወረቀቱም በሕግ ፊት ተረጋገጠ። ያ ክብረ ወሰን በዚያ ፊርማ ከ60 ዓመት በላይ ቆመ። በ2019 ጆን ሽሚት 626 አደረገው፤ በ2022 ጄይሰን ሾው 714 አስገባ። ሁለቱም በቪዲዮ ተቀርጸዋል። ጎበዞች ናቸው፤ ቪዲዮውም ጥሩ ነው። እኔ ግን የምቀናው በዚያ ወረቀት ነው። ለምን እንደምቀና አሁን እነግራችኋለሁ።

እኛ ቤት ግራኝ የሆነ ሰዓት ጠጋኝ ነበር። ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ቀኑን ሙሉ በማጉያ መነጽር ጥቃቅን ጥርስ ሲያይ ይውልና ማታ ሲመጣ ኳሶቹ እንደ ሐብሐብ ይገዝፉልኛል ይል ነበር። ገንዘብ አያስይዝም። አይናደድም። ሲስት ቾኩን ጠርዙ ላይ ቀስ አድርጎ ያስቀምጣል፤ ቾኩን አስቀመጠ ማለት ጨረሰ ማለት ነው።

ያን ምሽት ተጋጣሚው ጀምሮ፣ አንድም ኳስ ሳያስገባ ሳተ። ግራኙ ተነሳ። የመጀመሪያውን አሥራ አራት ሲጨርስ ማንም ልብ አላለውም። እኔ ደረደርኩ። ሁለተኛውን ሲጨርስ ከጎን ጠረጴዛ ያሉት ስቲካቸውን ይዘው ቆሙ። ሦስተኛውን ሲጨርስ ሁሉም ጠረጴዛ ቆመ። አራተኛው ላይ እኒያ አሥራ አንድ ዓመት የተቀመጡት ሰው ከአግዳሚው ተነሱ። ተነሱ! ቆመው አይቻቸው አላውቅም ነበር፤ እንደዚያ ረጅም መሆናቸውን ያኔ ነው ያወቅሁት። በየድርድሩ ሦስት ማዕዘኑን ሳነሳ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ኳሶቹ ሳይጣበቁ ቀርተው ድርድሩ ሳይበተን ቢቀር የእኔ ጥፋት ነዋ! አምስተኛ። ስድስተኛ። ከዚያ ሰባት ኳስ አስገባ፤ ስምንት ቀሩ። ስምንተኛዋ ማንም የማይስታት፣ ቀዳዳ አፍ ላይ ያለች ኳስ ነበረች። ሳታት።

ሳቀ። ቾኩን ጠርዙ ላይ አስቀመጠና ወደ አግዳሚው ዞሮ «ስንት ሆነ?» አለ።

ስንት ሆነ? ያ ሁሉ ሰው! ያ ሁሉ ዓይን! አንዱ 105 አለ። አንዱ 77 አለ። ጩኸት ተነሳ፣ ውርርድ ተነሳ፣ እኔ ልጅ ነኝ፤ ማን ይሰማኛል? ግራኙ እየሳቀ ጃኬቱን ለበሰና ወጣ። የጻፈ የለም። የፈረመ የለም። ይኸው ስንት ዓመት ሙሉ፣ በሠርግም በለቅሶም ስንገናኝ፣ «105 ነው»፣ «77 ነው» ስትባባሉ እሰማለሁ። አግዳሚው ያስታውሳል ብያችኋለሁ፤ አግዳሚው ያጋንናልም። ግራኙም ያረፈው ቁጥሩን ሳያውቅ ነው።

አሁን ስሙኝ። ስምንት ኳስ ጠረጴዛው ላይ መቅረቱን ሁላችንም እናምናለን፤ በዚህ ክርክር የለም። ስለዚህ ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፤ ከአሥራ አራቱ በኋላ ስንት ጊዜ ተደረደረ? የደረደርኩት እኔ ነኝ። ስድስት ጊዜ ጎንበስ ብያለሁ። ስድስት ጊዜ 14፣ 84። ሰባት ሲጨመር 91። 105 የምትሉት ሰባት ድርድር ቆጥራችኋል፤ ልክ ናችሁ፣ ሰባት ጊዜ ደርድሬያለሁ! ግን የመጀመሪያው የጨዋታው መክፈቻ ነው፤ እሱ አይቆጠርም። 77 የምትሉት ደግሞ አንዱ ድርድር ሲያልፍ ደጅ ነበራችሁ፤ ማን እንደነበረ አልናገርም።

ግን የእኔ ቃል ብቻውን ምን ይሆናል? ደርዳሪ ነኝ፤ ግራኙንም እወደው ነበር። ሌላ ምስክር ያስፈልጋል። ስለዚህ ባለፈው ሳምንት ለአንድ ሰው ስልክ ደወልኩ። ቁጥሬን አልነገርኳትም። «ያን ምሽት ስንት ጊዜ ደረደርኩ?» ብቻ አልኳት። ወዲያው ምን አለችኝ? «ስድስት። ሰባት እንዳትል፤ የመጀመሪያው አይቆጠርም።»

በሩ አጠገብ ተቀምጣ መግቢያና መውጫ የምትመዘግበው ልጅ! ያን ሁሉ ዓመት ማንም ጠይቋት አያውቅም። ስንጮህ፣ ስንወራረድ፣ በየለቅሶው ስንከራከር፣ እሷን የጠየቀ የለም። እኔም አልጠየቅኋትም፤ እስከ ባለፈው ሳምንት ድረስ።

ዛሬ እዚህ አለች። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ናት፤ አትሸሸጊ።

ወረቀት አዘጋጅቻለሁ። አራት መስመር ነው የተጻፈበት፤ ግራኙ በዚያ ምሽት በተከታታይ 91 ኳስ ማስገባቱን በዓይናችን አይተናል ይላል። ከሥሩ ባዶ ነው። እዚህ ቤት ውስጥ ያን ምሽት የነበሩ ቢያንስ አምስት ሰዎች ቆጥሬአለሁ። ያያችሁ ፈርሙ። የሰማችሁ፣ የተነገራችሁ፣ ሲወራ የኖረላችሁ፣ እባካችሁ አትፈርሙ። 77 ነው የምትሉም አትፈርሙ፤ ለብቻችሁ ወረቀት ጻፉ፤ መብታችሁ ነው።

እስክሪብቶ ማን አለው? አመሰግናለሁ፣ ልጄ።

እኅቴ፣ ነይ። ተራሽ ነው።